650 ዋት የት ገባ? ፍጥነቱ ለተጨመረ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ስለመምረጥ

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የኮምፒውተሩን ሣጥን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪያችን ገባ። ማሽኑን የገጣጠመው ራሱ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን በአሜሪካ የሚኖሩት አጎቱ ሲጠቀሙባቸው ቆይተው፣ ለራሳቸው አዲስ ሲገዙ አሮጌዎቹን በሻንጣቸው ይዘውለት መጥተዋል። ሣጥኑን፣ ፓወር ሰፕላዩንና የቀረውን ደግሞ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ገዝቶ አሟልቷል። ለዚህም የሁለት ክረምት የማስጠናት ገቢው ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ነገረን።

የሕመሙ ምልክት እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጻፍበት፣ ፊልም ሲታይበት፣ ኢንተርኔት ሲከፈትበት አንዳች እንከን አይታይበትም። ጌም ተከፍቶ ውጊያው ሲጦፍ፣ በስክሪኑ ላይ ጭሱ፣ እሳቱና ጥላው ሲበዛ ግን በድንገት ድርግም ይላል። የስሕተት መልእክት የለም፤ ሰማያዊ ስክሪን የለም፤ አንድ ሰው መሰኪያውን ከግድግዳ የነቀለው ያህል ነው። ልጁ ዊንዶውስን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኗል። ሜሞሪውን አውጥቶ መልሷል። በመጨረሻም አንድ ጠጋኝ «ካርዱ አርጅቷል፤ ጨርሶ ሳይሞት ሽጠው» ብሎ ስለመከረው ገዢ ማፈላለግ ጀምሮ ነበር።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ7-8700ኬ፣ ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ሲሆኑ፣ በዘመናቸው ከአንደኛው ረድፍ የሚቆጠሩ ነበሩ። ልጁ ፕሮሰሰሩን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ከፍ አድርጎታል፤ የግራፊክስ ካርዱንም የኃይል ገደብ ካርዱ እስከሚፈቅደው 120 በመቶ ድረስ ገፍቶታል።

«ፓወር ሰፕላዩስ?» አልነው።

«እሱማ 650 ዋት ነው መምህር። የካርዱ አምራች 600 ይበቃል ይላል፤ እኔ እንዲያውም ከፍ አድርጌ ነው የገዛሁት።»

እውነቱን ነው፤ አምራቹ ለዚህ ካርድ የመከረው 600 ዋት ነው። በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይም 650 የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዋት የት ገባ?

ፍጥነት የሚያስከፍለው

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ፕሮሰሰር ኃይል የሚበላበትን መንገድ ለመረዳት ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም መራቅ አያስፈልግም። በዘመናዊ ፕሮሰሰር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። እያንዳንዱ ትራንዚስተር ከነሽቦው እንደ አንዲት ኢምንት ካፓሲተር ሊታይ ይችላል። ከ0 ወደ 1 ሲለወጥ ይሞላል፤ ከ1 ወደ 0 ሲመለስ ይራገፋል። አንድን ካፓሲተር ለመሙላትና ለማራገፍ የሚጠፋው ጉልበት ከካፓሲታንሱና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ይህ ድርጊት በሰከንድ በቢሊዮን ጊዜ ስለሚደጋገም፣ በሰከንድ የሚጠፋው ጉልበት፣ ማለትም ኃይሉ፣ በሚከተለው ግንኙነት ይገለጻል፦

ኃይል ∝ ካፓሲታንስ × ቮልቴጅ² × ድግግሞሽ

ኦቨርክሎኪንግ የሚባለው አምራቹ ከወሰነው ፍጥነት በላይ ማስኬድ መጀመሪያ የሚነካው ድግግሞሹን ነው። ችግሩ ግን ድግግሞሹ ብቻውን ከፍ አይልም። ትራንዚስተሩ ባጠረው ጊዜ ውስጥ ሞልቶ እንዲጨርስ በኃይለኛ ቮልቴጅ መገፋት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ቮልቴጁንም ይጨምራል። ቮልቴጅ ደግሞ ወደ ሒሳቡ የሚገባው ካሬው ነው።

የልጁን ማሽን እንውሰድ። አምራቹ ለዚህ ፕሮሰሰር የሰጠው የሙቀት ደረጃ 95 ዋት ነው። ለስሌት እንዲመቸን ስድስቱም ኮሮች በ4.3 ጊጋኸርዝና በ1.15 ቮልት ሲሠሩ ይህን ያህል ይበላል እንበል። ልጁ ያቆመው በ5.0 ጊጋኸርዝና በ1.35 ቮልት ላይ ነው። ድግግሞሹ በ16 በመቶ አድጓል። የቮልቴጁ ካሬ ግን በ38 በመቶ አድጓል። ሁለቱ ሲባዙ 1.6 ይሆናሉ፤ 95 ዋት የነበረው ወደ 152 ዋት ወጣ ማለት ነው። አሥራ ስድስት በመቶ ፍጥነት በስልሳ በመቶ ኃይል ተገዛ። በዚህ ላይ ትራንዚስተሮቹ ሥራ ፈትተው እንኳ የሚያሾልኩት ከረንት አለ፤ እርሱም ከቮልቴጅና ከሙቀት ጋር ይጨምራል።

152 ዋት በ1.35 ቮልት ሲከፋፈል 112 አምፔር ይሆናል። በየሠፈሩ የብረት በር የሚበይዱት አነስተኛ የብየዳ ማሽኖች የሚሠሩበትን ያህል ከረንት፣ በጥፍር በምታህል ሲሊከን ውስጥ ያልፋል።

ይህን ከረንት የሚያዘጋጀው በማዘርቦርዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደረው የቮልቴጅ መቀነሻ ክፍል ነው። እርሱም የራሱን ድርሻ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ቅልጥፍናው 88 በመቶ ቢሆን ለ152 ዋት ወደ 175 ዋት ገደማ ከፓወር ሰፕላዩ ይጠይቃል። የግራፊክስ ካርዱ መደበኛ ፍጆታ 250 ዋት ሲሆን፣ 120 በመቶው 300 ዋት ነው። ማዘርቦርዱ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኮቹና ማራገቢያዎቹ አንድ ላይ 60 ዋት ይያዝላቸው። ድምሩ 535 ዋት ይሆናል። ጌም ፕሮሰሰሩንና ካርዱን በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ የሚገፋው አልፎ አልፎ ስለሆነ ይህ የክፉ ቀን ስሌት ነው። ቢሆንም ከ650 በታች ነው። እስከዚህ ድረስ ልጁ አልተሳሳተም።

ቢጫው ሽቦ

መልሱ ያለው ከትልቁ ቁጥር ሥር፣ በደቃቃ ፊደል በተጻፈው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ፓወር ሰፕላይ አንድ ምንጭ አይደለም። 3.3 ቮልት በብርቱካናማ፣ 5 ቮልት በቀይ፣ 12 ቮልት በቢጫ ሽቦ ያወጣል፤ ጥቁሩ መሬት ነው። በልጁ ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ለ3.3 ቮልት 30 አምፔር፣ ለ5 ቮልት 36 አምፔር፣ ለ12 ቮልት 29 አምፔር። ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ በተከታታይ 99፣ 180 እና 348 ዋት እናገኛለን። በዚያ ላይ ለኔጌቲቭ 12 ቮልትና ማሽኑ ተዘግቶ ሳለ ለሚሠራው 5 ቮልት ከሃያ ዋት የማይበልጥ ተጨምሮ 645 ገደማ ደረሰ። አምራቹም ወደ 650 ከፍ አድርጎ ጻፈው።

የዛሬ ኮምፒውተር ግን ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን የሚፈልገው በቢጫው ሽቦ ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልት ነው። በልጁ ማሽን 175 ለፕሮሰሰሩ፣ 300 ለካርዱ፣ 20 ያህል ለማራገቢያዎች ሲደመር 495 ዋት፣ ማለትም 41 አምፔር ይሆናል። የተሰጠው 29 ነው። 280 የሚሆነው ዋት ማንም በማይጠይቀው በ3.3 እና በ5 ቮልት መስመር ላይ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለው አከፋፈል ከየት መጣ? እንደ ዘመኑ ትክክል ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ ሲያወጣ ፕሮሰሰሮች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ5 እና ከ3.3 ቮልት መስመሮች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ፔንቲየም 4 ሲመጣ ግን ባለ አራት ቀዳዳ የ12 ቮልት መሰኪያ ለፕሮሰሰሩ ተጨመረ። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው፦ 120 ዋትን በ5 ቮልት ለማድረስ 24 አምፔር ሲያስፈልግ፣ በ12 ቮልት 10 አምፔር ይበቃል። በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ልዩነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ ጭነቱ ሁሉ ወደ 12 ቮልት ሲሸሽ፣ ርካሽ አምራቾች ግን የድሮውን ንድፍ መሸጥ ቀጠሉ። የድሮ ንድፍ ማዘጋጀት ርካሽ ነው፤ ገዢውም የሚያየው ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ በገበያ ላይ ስትቆሙ የመጀመሪያው ሥራችሁ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጎ በ12 ማባዛት ይሁን። በደህና 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ላይ 45 አምፔር ይጻፋል፤ 540 ዋት መሆኑ ነው። ውጤቱ ከትልቁ ቁጥር እጅግ ካነሰ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መልሱት። 12 ቮልቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ የተጻፈ እንደሆነ ደግሞ አምፔሮቹን ዝም ብሎ መደመር አይቻልም፤ አብዛኛውን ጊዜ የጋራ ጣሪያቸው ለብቻው ተጽፎ ይገኛል።

ለዓይን የማይታይ ጭነት

አማካይ ፍጆታ ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። ግራፊክስ ካርድ አንድን ሥዕል ሠርቶ ወደሚቀጥለው ሲሸጋገር ፍጆታው በሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል። የዋት መለኪያ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ኦስሎስኮፕ ያስፈልጋል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት አርቲኤክስ 3080 እና 3090 በዚህ ጠባያቸው ስመ ጥር ሆኑ፤ በቂ የሚመስሉ ፓወር ሰፕላዮች ሳይቀሩ ጌም መካከል ላይ እየጠፉ ባለቤቶቻቸውን ግራ አጋቡ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 ደረጃ አዲሱን ባለ 600 ዋት መሰኪያ የያዙ ትልልቅ ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ማይክሮ ሰከንድ ያህል የተጻፈባቸውን ኃይል ሁለት እጥፍ እንዲሸከሙ ያስገደደው ስለዚህ ነው።

የአምራቾች የዋት ቁጥርም ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮር አይ9-13900ኬ መሠረታዊ ኃይሉ 125 ዋት ተብሎ ሲጻፍ፣ ሲፋጠን የሚደርስበት ጣሪያ ግን 253 ዋት ነው። ሁለቱንም ኢንቴል ራሱ ያሳተመው ነው፤ ሻጩ የሚጠቅሰው የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ የእናንተ ፈንታ ይሆናል።

ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲመጣ ደህና ፓወር ሰፕላይ ራሱን ይዘጋል። የልጁ ኮምፒውተር ድርግም ማለቱ በዚህ ረገድ መልካም ዜና ነበር፤ ቢያንስ አንድ መከላከያ በውስጡ ይሠራል ማለት ነው። መከላከያ የሌለው ወይም መከላከያው በጣም ዘግይቶ የሚነሣ ዕቃ ግን አይጠፋም፤ ይቃጠላል። አንዳንዴም ከ12 በላይ የሆነ ቮልቴጅ ለቅቆ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጊጋባይት የተባለው ታዋቂ ኩባንያ ሁለት የፓወር ሰፕላይ ዓይነቶቹ በገምጋሚዎች ፍተሻ ወቅት በመፈንዳታቸው፣ መከላከያው የሚነሣበትን ጣሪያ ዝቅ ለማድረግና ዕቃዎቹን ለመቀየር ተገድዶ ነበር። ባለ 750 ዋቱ ቀድሞ እስከ 1125 ዋት ድረስ ሳይዘጋ ይጓዝ የነበረ ሲሆን፣ ከማስተካከያው በኋላ በ825 እና በ925 መካከል እንዲዘጋ ተደረገ።

ሙቀቱና ከፍታችን

ፓወር ሰፕላይ የሚወስደውን ሁሉ አይሰጥም። ቅልጥፍናው 90 በመቶ ከሆነ፣ 535 ዋት ለመስጠት ከግድግዳው 594 ዋት ይወስዳል፤ ወደ 60 ዋት የሚሆነው በራሱ ሣጥን ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ቅልጥፍናው 75 በመቶ የሆነው ደግሞ 713 ዋት ወስዶ 180 ዋት ገደማ ያባክናል። በቆጣሪው ላይ ያለው ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሙቀት የሚወርድበት ቦታ ነው። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በፈሳሽ የተሞሉ ስለሆኑ እየቆዩ ይደርቃሉ፤ እንደ ተለመደው ግምት፣ ሙቀታቸው በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ሲደርቁ ቮልቴጁን ማስተካከል ያቅታቸዋል፤ 12 ቮልቱ ላይ ደቃቅ ሞገድ ይታያል። ኦቨርክሎክ የተደረገ ፕሮሰሰር ደግሞ አስቀድሞ በገደሉ ጫፍ ላይ የቆመ ስለሆነ ይህችን ሞገድ አይችላትም። በ105 ዲግሪ የተመዘኑ ካፓሲተሮች በ85 ዲግሪ ከተመዘኑት የሚመረጡት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ይገባበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ የሚገፋው የአየሩን ይዘት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደቱ ነው። በሰከንድ አሥር ሊትር አየር የሚያሳልፍ ማራገቢያ 180 ዋት ሙቀት ሲያስወጣ፣ በጅቡቲ አየሩ በ15 ዲግሪ ያህል ሞቆ ቢወጣ በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ብክነቱ 60 ዋት ለሆነው ዕቃ ግን 5 እና ከ7 ያነሰ ነው። በእርግጥ የከተማችን ቅዝቃዜ ልዩነቱን ያካክሳል፤ በጅቡቲ ፀሐይ ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። ቅዝቃዜው የማያካክሰው ነገር አንድ ነው፦ ስስ አየር ለኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበልጥ ይሸነፋል። በአንዳንድ የቻይና ዕቃዎች ላይ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ቁጥር የተሣለበትን ምልክት አይታችሁ እንደሆነ፣ ትርጉሙ ዕቃው ከዚያ በላይ ለሆነ ከፍታ አልተፈተነም ማለት ነው።

ቅልጥፍናን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው 80 ፕላስ የተሰኘው ምስክር ወረቀት ይጠቅማል። ነጩ ምልክት በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ቢያንስ 80 በመቶ ቅልጥፍናን ያመለክታል፤ ወርቃማው በ115 ቮልት ፍተሻ 87፣ 90 እና 87 በመቶ ይጠይቃል። ነገር ግን ፍተሻው የሚደረገው በ23 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው፤ በሞቀ ሣጥን ውስጥ የሚሆነውን አይናገርም። የቮልቴጁን መርጋትም ሆነ የመከላከያውን ንቃት አይመዝንም። ስለሆነም ወርቃማ ምልክት ጥሩ ጅምር ቢሆንም የጥራት ሁሉ ማረጋገጫ አይደለም። ሻጮች ዕቃውን በእጃቸው እየመዘኑ «ከባዱ ይሻላል» ሲሉም እንሰማለን። ግማሽ እውነት አለው፤ ወፍራም ማቀዝቀዣና በቂ ትራንስፎርመር ይከብዳሉ። ይሁንና አንዳንድ የቆዩ ዕቃዎች የሚከብዱት በውስጣቸው ባለ አንድ የብረት መጠምጠሚያ ምክንያት ብቻ ነው።

ከግድግዳው ወዲህ

የአገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሁልጊዜ 220 ሆኖ እንደማይገኝ ግን ምሽት ላይ አምፖሉ ሲደበዝዝ ያየ ሁሉ ያውቃል። አምፖል ቮልቴጅ ሲቀንስ ይደበዝዛል፤ ፓወር ሰፕላይ ግን የሚጠየቀው ኃይል ያው ስለሆነ የጎደለውን በከረንት ያሟላል። 594 ዋት በ220 ቮልት 2.7 አምፔር ሲሆን በ170 ቮልት 3.5 አምፔር ይሆናል። ደካማው ዕቃ ደክሞ ሳለ ይበልጥ ይጫንበታል ማለት ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ለእኛ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከውጭ የመጣ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ከጀርባው ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር እንዳለ ተመልከቱ። 115 የሚል ከተነበበበት ሳትቀይሩት እንዳትሰኩ። በዚያ አቀማመጥ እያንዳንዱ የመግቢያ ካፓሲተር የመስመሩን ጫፍ ቮልቴጅ፣ በእኛ አገር 311 ቮልት፣ ይሸከማል፤ የተሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ200 ቮልት ነው። ፍንዳታውን ከሩቅም ይሰሙታል። ይኸው ቮልቴጅ ዕቃው ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሊቆይ ስለሚችል፣ የፓወር ሰፕላይን ሣጥን ያልሠለጠነ ሰው መክፈት የለበትም።

ዩፒኤስ የምትገዙ ከሆነ ሌላ 650 ይጠብቃችኋል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ፣ የኃይል ፋክተሩ 0.6 ሲሆን፣ የሚሰጠው 390 ዋት ብቻ ነው። ከላይ ያሰላነውን ማሽን አይሸከምም፤ መብራት በጠፋባት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። ፓወር ሰፕላዩ በራሱ መብራት ከተቋረጠ በኋላ የሚታገሠው 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ የመስመሩ አንድ ዙር እንኳ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዩፒኤስ መግዛት ያልቻለ፣ መብራት ሲሄድ ከጀርባ ያለውን ማጥፊያ ዘግቶ ይቆይ፤ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ግፊት ነው።

ስለ ኬብሎች ሁለት ነገር ብቻ እንበል። ግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ 75 ዋት፣ ከባለ ስድስቱ መሰኪያ 75፣ ከባለ ስምንቱ 150 ዋት እንዲወስድ ነው ደረጃው የሚፈቅድለት። የዲስክ መሰኪያዎችን ወደ ባለ ስምንት የሚቀይሩ ርካሽ ማገናኛዎች ለዚያ ያልታሰበ ቀጭን ሽቦን ያግላሉ። ሁለተኛው፣ የሚነቃቀል ኬብል ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሌላ ዓይነት በተወሰደ ኬብል አይሠራም። ጫፉ ቢገጥምም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የቀዳዳ ቅደም ተከተል አንድ ወጥ ስላልሆነ፣ 5 ቮልት ሊደርስበት በሚገባው ዲስክ ላይ 12 ቮልት ሊደርስ ይችላል።

የልጁ ማሽን

በላቦራቶሪው ውስጥ መልቲሜትራችንን በአንድ ትርፍ የዲስክ መሰኪያ ላይ፣ በቢጫውና በጥቁሩ መካከል ሰካን። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ 12.04 ቮልት አነበብን። ጌሙ ተከፈተ። 11.7፣ 11.5፣ 11.3፤ ከዚያም ድርግም። ደረጃው የሚፈቅደው በአምስት በመቶ መለዋወጥ፣ ማለትም ከ11.40 እስከ 12.60 ነው። ካርዱ ጤነኛ ነበር።

ልጁ ግን ያን ዕለት አዲስ ፓወር ሰፕላይ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ወደ ስሌቱ ተመለስን። ፕሮሰሰሩን ወደ 4.8 ጊጋኸርዝ ዝቅ ሲያደርግ 1.22 ቮልት በቂው ሆነ። በዚያው ቀመር መሠረት 152 ዋት የነበረው ወደ 119 ዋት ይወርዳል፤ አራት በመቶ ፍጥነት ለቅቆ ከአምስት እጅ አንዱን ኃይል አተረፈ። የካርዱን ገደብ ደግሞ 70 በመቶ ላይ አደረገው፤ 175 ዋት መሆኑ ነው። በ12 ቮልት ላይ ያለው ጭነት 330 ዋት ገደማ ሆነ፤ ከ348 በታች። ጌሙን ሁለት ሰዓት ሲጫወት አልጠፋም። ቢጫው ሽቦ ላይ 11.6 ቮልት ይነበብ ነበር። «ለጊዜው ነው» አልነው፤ በላዩ የተጻፈው 29 አምፔር ራሱ እውነት ስለመሆኑ ዋስትና አልነበረንምና።

ምን እንግዛ ብሎ ሲጠይቀን፣ ለ535 ዋት የክፉ ቀን ጭነት 750 ዋት፣ 12 ቮልቱ ከ60 አምፔር ያላነሰ፣ የአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ዋስትና ያለው አልነው። ትርፉ ለካፓሲተሮች እርጅና፣ ለቅጽበታዊ ጭነቶችና ለስሱ አየራችን ነው። 1,200 ዋት እንዲገዛ የመከረው ጓደኛም ነበረው፤ ያን ያህል ዋት በዚህ ማሽን ውስጥ ሥራ ስለማያገኝ ገንዘቡ ለሜሞሪ ቢውል ይሻላል።

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ያቀፈው አዲሱን ፓወር ሰፕላይ ከነካርቶኑ ነበር፤ ከመግጠሙ በፊት የጎኑን ሠንጠረዥ ሊያሳየን ፈልጎ ነው። 62 አምፔር በ12 ቮልት ይላል፤ 744 ዋት። ገጠምነው። ሥራ ፈትቶ 12.08፣ በሙሉ ጭነት 11.98 ቮልት። የካርዱን ገደብ ወደ 120 መለሰው። ፕሮሰሰሩን ግን 4.8 ላይ ተወው።